የተለሰነው ስንጥቅ

ባለፈው ሐሙስ ድምፅ ማጉያ ልጠግን ወደ ሰፈራችን ጸሎት ቤት ስገባ፣ የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ኤርሲዶ መሰላል ላይ ቆመው የመዘምራኑን ሰገነት የተሸከመውን ቢም፣ ማለትም የኮንክሪት አግዳሚ፣ ሲለስኑ አገኘኋቸው። ለሐዲያ ዘመን መለወጫ ለያሆዴ ግድግዳ ማሳመር የሆሳዕና ሰው ልማድ ነው፤ እሳቸው ግን የሚያሳምሩት ስንጥቅ ነበር።

"ጋሼ፣ ይህን አምናም ለስነውት አልነበረም?"

"አምናም፣ ካቻምናም። አንቺ የሬዲዮ ጠጋኝ፣ ስለ ቤት ምን ታውቂያለሽ?"

"ኮሌጅ ባልገባም ማንበብ አልተከለከልኩም። ትኩሳት የያዘውን ሰው ፊቱን ቅባት ቢቀቡት ይድናል?"

"ወይ ምላስ!" ብለው ሳቁ። "ሃያ ዓመት የቆመ ቤት ነው እኮ።"

"በየዓመቱ ስለሚሸፍኑት መስፋት አለመስፋቱን ማን ያውቃል? እሁድ አርባ መዘምራን ይወጡበታል።"

መሰላሉን ተቀብያቸው እርጥቡን ልስን ፍቄ፣ ከመሣሪያ ቦርሳዬ ያወጣሁትን ክብሪት የሚያህል የእንቅስቃሴ መለኪያ ሴንሰር ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ አጣበቅሁ። "ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቢላወስ ለስልኬ ይነግረዋል" አልኳቸው።

"እስቲ ይንገርሽ!" አሉና፣ ብለምናቸውም እንቢ ብለው ሰገነቱ ላይ ወጡ። "ስንት አለ?"

"ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር። ይውረዱ!"

ወረዱ። ቁጥሩ ግን አልወረደም።

"መሣሪያሽ ተበላሽቷል።"

ነቅዬ በማዶው ጫፍ ጤነኛው ቢም ላይ ለጠፍኩት። ይህን ጊዜ ለማላገጥ ሳይሆን ለማወቅ ጓጉተው በዚያ በኩል ወጡ። ቁጥሩ ከፍ አለ፤ ሲወርዱ ዜሮ ገባ።

"ለምን ይሄኛው ተመለሰ?" አሉ በለሆሳስ።

"ጤነኛ ቢም ሸክሙ ሲነሳለት ይመለሳል፣ ጋሼ። ያኛው አቅቶታል። ያቃተውም በእርስዎ በአንድ ሰው ክብደት ነው።"

ስንጥቁን ትክ ብለው አዩት። "ሀሴት የምትቆመው ልክ እዚህ ላይ ነው" አሉ። ሀሴት ከመዘምራኑ አንዷ፣ የልጃቸው ልጅ ናት። ወዲያው የሰገነቱን ደረጃ በር ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

አርብ የመጣው መሐንዲስ ቢሙን ሲከፍት የዝናብ ውኃ ገብቶ በውስጡ ያለው የፌሮ ብረት ዝጎ ተገኘ። ገና ሳይወድቅ በድጋፍ ብረት ተያዘ። ሕመሙ ቀድሞ ስለታወቀ ሕንፃው ሳይፈርስ ይታከማል፤ ሴንሰሩም ሌት ተቀን ይጠብቀዋል።

እሁድ መዘምራኑ መሬት ላይ ቆመው ሲዘምሩ ምእመናኑ አጉረመረሙ። ጋሽ ኤርሲዶ ተነሡ።

"ስንጥቅ ያየ ሰው ይለካው፣ ቀኑን ይጻፍበት፣ ባለሙያ ይጥራ። እኔ በየዓመቱ ስጠግን የኖርኩ መስሎኝ ስደብቅ ኖሬያለሁ።"