አጫጆቹን ሰላም ሳልል በማለፌ

ይህን ማውራቴ የኪነ ጥበብን ክብር እንደሚነካ አውቃለሁ፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እዚህ በሰው አገር፣ ፌርፋክስ በሚባል ጎዳና ላይ የሰው መኪና ፓርክ እያደረግሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ላገባት የምመኛት ልጅ “አባቴ ከወደደህ እሺ” ስላለችኝ፣ አባቷ ጋሼ ታደለ ከአገር ቤት ሲመጡ አዋቂ መስዬ ለመታየት ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ወዳለው ሙዚየም ወሰድኳቸው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የተሣለ አንድ ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ፊት አቆምኳቸው፤ የፈረንጅ ገበሬዎች ጎንበስ ብለው ስንዴ ያጭዳሉ። ስለ ብርሃኑና ስለ ጥላው ከስልኬ ያጠናሁትን ሁሉ ተነተንኩ።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ለመሆኑ አንተ፣ ሰው ሥራ ላይ ሆኖ እያየህ ሰላም አትልም?”

“ጋሼ፣ ሥዕል እኮ ናቸው።”

“ቢሆኑስ? አንተ ስትለፈልፍ እነሱ ወገባቸው ሊቆረጥ ነው” አሉና ወደ አጫጆቹ ዞረው፣ ማሳ ተሻግሮ በሚሰማ ድምፅ “እግዜር ያበርታችሁ!” አሉ።

ሴኩሪቲው ከጥግ ሲመጣ አይቼ “ሶሪ” ልል አፌን ስከፍት፣ እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “አሜን፣ አብሮ ያበርታን!” ብሎ መለሰ። ለካ የኛው ልጅ ነው።

ጋሼ እኔን ትተው እሱን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። “የማን ልጅ ነህ? አግብተሃል?”

ሠርጉ በመጪው ወር ነው፤ የእንግዶቹን መኪና ፓርክ የማደርገውም እኔ ነኝ። አደራችሁን፣ ወሬው ከዚህ እንዳይወጣ። በተለይ ሙሽራው እንዳይሰማ፤ ያን ቀን ትንተናዬን ከጥግ ሆኖ ስለሰማ፣ ሥዕል አዋቂ መሆኔን እስከ ዛሬ የሚያምን እሱ ብቻ ነው።