በአመድ የጠራ ጠመንጃ

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ሊሸጡት ስላሰቡት የአያታቸው ጠመንጃ ከጎናቸው ላለች ሴት ያወሩ ነበር።

«ውጅግራ ነው አባቴ?»

«አይደለም ልጄ። እጀታው ከምላጩ ሥር ነው፤ ወደ ታች ሳብ አድርገሽ ስትመልሽው ጥይቱን ያጎርሳል።»

«ሊገዛ የመጣው ሰውዬስ ምን አለ?»

«አገላብጦ አየና፣ ‹ዘመኑ የሚታወቅበት ፊደልና ቁጥር ነበረው፤ ማን ፋቀው?› አለኝ።»

«ማን ፋቀው?»

«ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ናት። ፋሲካ በደረሰ ቁጥር በአመድ ትፈትገው ነበር።»

«ወይ ጉድ! እኔ ድስቴንም እንዲያ አልፈትግም!»

«እኔም ‹ጠመንጃ ድስት ነው ወይ?› ብዬ ተቆጥቻት ነበር። ‹ታዲያ በዓል ለእሱ አይደለም?› አለችኝ።»

«ያለ ቁጥሩስ ዋጋ የለውም?»

«የአሮጌ ብረት ዋጋ ነው የሰጠኝ።»

«እና ሸጡለት?»

«ጠመንጃው ጎን ላይ፣ ስትፈትገው የባለቤቴ አውራ ጣት የሄደበት መንገድ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል። ለካ አይቼው አላውቅም። እሱን ስዳብስ ሰውዬው መቼ ተነሥቶ እንደሄደ እንጃ።»

ከፊቴ ያለው የወንበር ብረት ቀለሙ በተሳፋሪ እጅ የት የት እንደለቀቀ፣ ወረታ እስክንደርስ ድረስ አየሁ።