ካፓ የተናገረችበት አፌ

ክቡራትና ክቡራን፣ ጓዶች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የስንብት ማዕድ ያሰናዳችሁልኝን አመሰግናለሁ። ለመሆኑ የጨው ዓሣውን ከየት አገኛችሁት? ሌኒንግራድን ዞሬ ዞሬ እኔ አጥቼው ነበር።

«ንግግር አድርጊ» ስትሉኝ ደነገጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በፊልም ስናገር ኖሬ የለ? አዎ፣ አፌ ተንቀሳቅሷል። ድምፁ ግን የካፒቶሊና ሴርጌየቭና፣ የካፓዬ ነበር።

ከላትቪያ፣ ከሪጋ ስመጣ ሩሲያኛዬ ይሰባበር ነበር። የመጀመሪያው ዳይሬክተሬ ሰማኝና፣ «ፊትሽስ ማር ነው፤ አፍሽን ስትከፍቺ ግን ላትቪያ ትመጣብናለች» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ እተውናለሁ፤ ካፓ ጨለማው የድምፅ መቅጃ ክፍል ተቀምጣ ፊልሙ ላይ ከንፈሬን እያየች ትናገርልኛለች። ስሟ ፊልሙ ላይ አይጻፍም።

«ቬልታዬ፣ ስታለቅሺ ምን ያስቸኩልሻል? እኔ ሳልጨርስ አፍሽን ትዘጊዋለሽ!» ትለኝ ነበር። ቀስ ብዬ ማልቀስ ለመድኩ። ባሌን ስቀብር አፌን ከፍቼ ቆምኩ፤ ድምፅ አልወጣኝም። ለካስ እሷን እየጠበቅኩ ኖሯል።

አንድ ቀን ዳቦ ሰልፍ ላይ አንዲት ሴት፣ «አንቺ የፊልሟ ተዋናይ አይደለሽም?» ብላ ያዘችኝ።

«ነኝ» አልኳት።

«ወግጂ! የእሷን ድምፅ እኔ አጣዋለሁ?»

ሰልፈኛው ሳቀብኝ። ለካፓ ስነግራት ግን አልሳቀችም። «እኔንማ ጭራሽ ማን ያየኛል» አለች።

ባለፈው ክረምት ቀበርናት። በቀደም ማድ ቤት ድንች ስልጥ፣ «የት ነሽ? ነይ እንጂ!» የሚል የእሷ ድምፅ ከሳሎን ሰማሁ። «መጣሁ ካፓ!» ብዬ ሮጥኩ። ቴሌቪዥኑ ነው፤ የድሮ ፊልማችን። የምትጣራው ሴት ፊት የእኔው ነው። ፈራሁ፣ ጓዶች። የሞተችው የትኛችን ናት?

አሁን የመጨረሻው ፊልሜ ድምፅ ሊገባለት ነው። ዳይሬክተራችን ኢኖኬንቲ ፓቭሎቪች፣ የካፓን ድምፅ ቁርጥ አስመስላ የምታወጣ ልጅ አግኝቻለሁ ብለውኛል። ልጅቱን ሰማኋት፤ ሰቀጠጠኝ። እባክዎ ኢኖኬንቲ ፓቭሎቪች፣ ሙት አያናግሩብኝ። ሰው ፊት ልለምንዎት፤ ይህን አንዱን ራሴ ልናገረው። በዚያው በተሰባበረው ሩሲያኛዬ።

ምን አሉኝ? «ተመልካቹ ድምፅሽን አያውቀውም»? እኔስ መቼ አወቅኩት? አብረን እንተዋወቃለና!

እሺ አሉ? ጓዶች፣ ሰምታችኋል፤ ምስክሮቼ ናችሁ።

እናንተ የምትቀሩ፣ ሥራችሁ ይባረክ፤ ስማችሁ ከሥራችሁ አይለይ። እርጅናችሁን ያሳምርላችሁ፤ ስትጠሩም የሚጠራችሁ በሕይወት ያለ ሰው ይሁን።

ካፓዬ፣ አንቺም ብዙ ደከምሽልኝ። አሁን እረፊ፤ የቀረውን እኔው እናገራለሁ።