ዘጠና ዶላርና ያልጮኸው ስልክ

ክቡራትና ክቡራን፣ የቦክስ ኮሚሽናችን ባልደረቦች፣

ለዚህ ግብዣ ስለደከማችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ስለሸለማችሁኝም እንዲሁ። ባለቤቴ ማርጆሪ ስታየው፣ «እንግዲህ አንተን የት ላስቀምጥህ ነው?» ብላለች።

ቴሌቪዥን ከተነሣ ዘንዳ፣ በሃያ ሁለት ዓመት የሊቀመንበርነት ዘመኔ ያጠፋሁትን አንድ ጥፋት ሳልናገር ብሄድ ስንብቴ ሙሉ አይሆንም።

ያንግስታውን ከተማ የሚኖረውን አሰልጣኝ ዴልማር ሆስኪንስን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቦክሰኛችንን ቴሬልን ከልጅነቱ ጀምሮ ቡጢ ያስተማረው እሱ ነው። ሳንባው ታሞ ከቤት መውጣት ካቃተው ወዲህ፣ የቴሬልን ግጥሚያ ከጎረቤቶቹ ጋር በቴሌቪዥን ይከታተል ነበር። እያንዳንዱ ሰው ማቀዝቀዣው ላይ በተቀመጠ ባርኔጣ ውስጥ አምስት ዶላር ይጥላል፤ የዶሮ ክንፍ ይጠበሳል፤ በተሰበሰበው ገንዘብ የግጥሚያው መመልከቻ ይገዛል።

ሁለት ጊዜ በግጥሚያ መሐል ደወለልኝ። «ሊቀመንበር፣ ልጁ የቁምጣውን ቀበቶ ነካ። ራሱን ሲያዞረው እንዲህ ያደርጋል። ቶሎ ሐኪሙን ላክልኝ።» ሁለቱንም ጊዜ ሐኪሙ ግጥሚያውን አስቆመ። ሁለቱንም ጊዜ ዴልማር ልክ ነበር።

ከዚያ የመመልከቻው ዋጋ ከሃምሳ ወደ ሰባ፣ ከሰባ ወደ ዘጠና ዶላር ወጣ። አስተላላፊው ኩባንያ አስተያየታችንን ሲጠይቅ «ተቃውሞ የለንም» ብዬ የፈረምሁት እኔ ነኝ። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ለእኛም ድርሻ ነበረን። ይህ የተቀመጥንበት አዳራሽ በምን የታደሰ ይመስላችኋል?

በቴሬል የመጨረሻ ግጥሚያ ስልኬን ፊቴ አስቀምጬ ተቀመጥሁ። ስድስተኛው ዙር አለፈ፤ ሰባተኛው አለፈ። ስልኩ አልጮኸም። ዴልማር ዝም ካለ ልጁ ደህና ነው ብዬ ተማመንሁ። በዘጠነኛው ዙር ቴሬል ወደቀ። ዛሬ እናቱ በማንኪያ ታጎርሰዋለች።

በማግስቱ ዴልማር ደወለ።

«ቀበቶውን ነክቶ ነበር?»

«አላየሁም። ያንተን ስልክ ስጠብቅ ነበር።»

«ባርኔጣው አልሞላማ፣ ሊቀመንበር። እኛ እኮ መውደቁን በሬዲዮ ነው የሰማነው።»

«ምነው ብትነግረኝ? እከፍልልህ ነበር።»

«ያሳደግሁትን ልጅ ለማየት ልለምን?»

 

የሸለማችሁኝን ቴሌቪዥን ለእሱ ልልክለት አስቤ ነበር። ግን ዴልማር መቼ ቴሌቪዥን አጣ?

ወይዘሮ ሬናታ፣ ከነገ ጀምሮ ወንበሩ የእርስዎ ነው። አዲሱ የዋጋ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቅዎታል፤ መቶ አሥር ዶላር ይላል። እኔ የዘጠናውን ሳልጠይቅ ፈርሜአለሁ። እርስዎ ግን ከመፈረምዎ በፊት፣ በዚህ ዋጋ ማን ማየት እንደሚያቆም ይጠይቁ።

ለሁላችሁም ጤና፣ ለቤታችሁም ሰላም እመኛለሁ። እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ፤ ወደ ቡጢ መድረኩ የሚወጡትንም ልጆች በእግራቸው ወደ ቤታቸው ይመልስ። ቀበቶውን ሲነካ የሚያይ ሰው አያሳጣችሁ።