ምድጃ ላይ የተጣደው ኮምፒውተር

ማይኩን ውሰዱልኝ አቦ። እኔ ዱኒያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ ጥግ ሆኜ «ሻይ ደርሷል» ስል ፎቅ ላይ ያለው ሰው ብርጭቆ ይዞ ይወርድልኝ የነበረ ሴት ነኝ። የሽኝት ኮሚቴው አምስት ደቂቃ ሰጥቶኛል። ለድሬዳዋ ሰው ጋቢ የሸለመ ኮሚቴ ስለሆነ ግን ደቂቃውንም ብዙ ቁም ነገር ብዬ አልያዝኩትም።

ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል እዚህ ግቢ የገባበትን ቀን የምናስታውስ ሦስት ሰዎች ቀርተናል። እኔ፣ የመዝገብ ቤቱ ሙስአብ፣ በር ላይ ያለው ዐያንሌ። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። በዚያ ሰሞን ከበላይ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሎ ግቢው ተሸብሮ ነበር። አንድ ጠዋት ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ፣ ደብተር የያዘ ሰው ከች አለ። በየቢሮው ይገባል፣ ወደ ጣሪያ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይጽፋል። ሙስአብ ተደግፎት ሲያንቀላፋ የነበረውን የመዝገብ ክምር በአንድ ትንፋሽ ደረደረው። እኔም ለበላይ አካል የሚገባውን ሻይ፣ ሄልና ቅርንፉድ ያለበትን፣ አፈላሁ። ሰውየው ሁለት ብርጭቆ ጠጣ፤ አፉን ጠረገና «ከሰባቱ ቬንትሌተሮቻችሁ አምስቱ በቅርቡ ሰው ላይ ይወድቃሉ። እኔ አዲሱ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። መሰላል አላችሁ?» አለ። እንደዚያ ዓይነት ሻይ ሁለተኛ አላፈላሁለትም።

አመሉን ታውቁታላችሁ። የወደቀ ብሎን አያልፍም። ኪሱ ከመሙላቱ የተነሣ ዐያንሌ ሳያየው ይሰማዋል፤ «ወርያ ሰይፈ፣ እንደ በግ ቃጭል አሥረህ ነው የምትሄደው?» እያለ በሩን ይከፍትለታል። የተበላሸ ነገር ስታመጡለት ደግሞ መጀመሪያ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ከዚያ «ተኝቷል እንጂ አልሞተም» ይላል። ለቬንትሌተሩም፣ ለውኃ ፓምፑም፣ ለዐያንሌ ሬዲዮም ይህንኑ ነው ያለው። አንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ የያኔው ኃላፊያችን ንግግራቸውን አቋርጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁላችንም ደነገጥን። ጋሽ ሰይፈ ጠጋ ብሎ ጆሮውን አስጠጋና «ተኝተዋል እንጂ አልሞቱም፤ እንቀጥል» አለን።

ወደ ትልቁ ታሪክ ልምጣ። ኬኩን አይታችሁታል፤ «መልካም ጡረታ፣ ጋሽ ቅቅል» ይላል። ቅቅል የተባለበትን ምክንያት እዚህ ግቢ የማያውቅ የለም፤ ለተጋበዙት ቤተሰቦች ግን ሙስአብ በየሠርጉ እንደሚያወራው አድርጌ ልንገራቸው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ያኔ በዚህ መሥሪያ ቤት አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበረ፤ እሱም ኃላፊው ቢሮ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጥ ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ ደግሞ ፋይል እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ከቢዮ አዋሌ ገጠር ድረስ የመጣ ሰው የቦታ መዝገቡን ፍለጋ ሦስት ቀን ተመላልሶ ባዶ እጁን ይሄዳል። ጋሽ ሰይፈ ይህን አይቶ ለማንም ሳይናገር አንድ ዓመት ሙሉ ትንሽ ኮምፒውተር ሠራ። መዳፍ የምታክል ቦርድ አስመጣ፣ ስክሪኑን ከመኪና ላይ ከወለቀ ዕቃ አገኘ፣ ገመድና ቻርጀሩን ታይዋን ገበያ ዞሮ ለቀመ። ሁሉንም ባለ ሦስት ድርብ የአሉሚኒየም ምሳ ዕቃ ውስጥ ከተተው። ከታች የኤሌክትሪኩ ነገር፣ መካከል ላይ ቦርዱ፣ ከላይ ክዳኑ ሲነሣ ስክሪኑ። ኋላ ለምን ምሳ ዕቃ ሲሉት «አቧራ አያስገባም፣ ሙቀት አይዝም፣ ደግሞ ድሬ ውስጥ የሰው ምሳ የሚነካ የለም» ብሎ መለሰ።

ሲጨርስ ለኃላፊው ነገራቸው፤ ደስ አላቸው። «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ከምሳ ስንመለስ አሳየን። ከሠራ፣ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባውን አዲሱን ክፍል አንተ ትመራለህ» አሉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችንም ተሰበሰብን። ጋሽ ሰይፈ ክዳኑን ሲያነሣ ውኃ ተንጠባጠበ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ኃላፊው ምን ሆኖ ነው አሉ። እሱም ቀና ብሎ «የድሬን ሙቀት ይችል እንደሆነ ልፈትነው ብዬ ምድጃ ላይ ጥጄው ነበር። አልቻለም» አለ። ሙስአብ ከኋላ ሆኖ «ታዲያ ይኼ ቅቅል ነው እንጂ ኮምፒውተር ነው?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ኃላፊው ግን አልሳቁም፤ ኮምፒውተር የሚቀቅል ሰው ክፍል አይመራም ብለው ቦታውን ከሌላ ቦታ ለመጣ ሰው ሰጡት። ጋሽ ሰይፈ በጥገና ሠራተኛነት ገባ፣ ይኸው በጥገና ሠራተኛነት ወጣ።

ሳቃችሁን ጨረሳችሁ? እንግዲያውስ ስሙኝ። ጋሽ ሰይፈ ያንን ኮምፒውተር ምድጃ ላይ አልጣደውም። የጣድኩት እኔ ነኝ።

ዝም በሉና ልጨርስ። ጋሽ ሰይፈ፣ አንተም እጅህን አታወናጭፍብኝ። ያኔ የሠራተኛውን ምሳ የማሞቀው እኔ ነበርኩ። ሰፊ ድስት ውኃ አድርጌ ከሰል ላይ እጥዳለሁ፣ ምሳ ዕቃውን ሁሉ ውስጡ አቆመዋለሁ። ክዳን አልከፍትም። መጋላ ሰፈር ያሳደገችኝ እናቴ የሰው ምሳ ዕቃ መክፈት ነውር ነው ብላ ነው ያስተማረችኝ። አንዱ ጾመኛ ነው፣ አንዱ የያዘው ደረቅ ዳቦ ብቻ ነው፤ ያ የሱ ጉዳይ ነው። በዚያን ቀን ጋሽ ሰይፈ የሱ ክፍል ቀለም እየተቀባ ስለነበረ ያንን ነገር ሻይ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሌሎቹ ጎን አስቀምጦ ወጣ። ኮምፒውተር መሥራቱን እሱና ኃላፊው ብቻ ነው የሚያውቁት። እኔ ያየሁት ምሳ ዕቃ ነው። አሥር የነበረው አሥራ አንድ ሆነ ብዬ አብሬ ጣድኩት።

ሽታው ሲመጣ የአንዱ ሽንኩርት አረረ ብዬ ነበር። እየባሰ ሲሄድ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ምሳ ዕቃ ከፈትኩ። አረንጓዴ ነገር፣ ቀይ ሽቦ፣ ጥቁር ሽቦ። ወላሂ፣ መጀመሪያ የደገኛ ምግብ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ጋሽ ሰይፈ በር ላይ ቆሟል።

አልጮኸም። መጥቶ በፎጣ ይዞ አወጣው፣ ጆሮውን አስጠጋ። ጠበቅሁ፤ ተኝቷል ይላል ብዬ። አላለም። ምን አለኝ መሰላችሁ፦ «ዱኒያ፣ ሌሎቹን አውርጂያቸው፤ እንዳያሩ።»

ያኔ እኔ የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ፤ በአንድ ቃል የምሰናበት። ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ አባታቸው የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው መሐል ቆሜ ስሜ እስኪጠራ እጠብቅ ነበር። እሱ ያንን ውሸት ሲናገር አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላየም። በማግስቱ ሄጄ ለምን አልተናገርክም ብዬ አለቀስኩ። «አንድ ነገር ሞተ። ሁለት ለምን ይሙት?» አለኝ። እውነቱን ሄጄ እናገራለሁ ስለው ቆጣ አለ፤ በሕይወቱ ተቆጥቶ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱ የዚህ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እስከሆነ ድረስ እንዳልተነፍስ ቃል አስገባኝ።

ቃሌን ጠብቄያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት «ጋሽ ቅቅል» ስትሉት ሰማሁ፤ ሙስአብ ታሪኩን ሲጨምርበት፣ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ሲነገረው ሰማሁ። አፌን ይዤ ሻይ ቀዳሁ፣ ኋላም መዝገብ ቤት ገብቼ ፋይል ፈለግሁ። ይበልጥ የሚያሳፍረኝ፣ አንዳንድ ቀን እኔም ጋሽ ቅቅል ብዬ ጠርቼዋለሁ፤ ሰው እንዳይጠረጥረኝ። እሱ አቤት ይለኛል። አሁን ግን የስንብት ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ፤ ከትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ የዚህ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አይደለህም። ስለዚህ ቃሌን አላፈረስኩም፣ ጋሽ ሰይፈ። ልትከሰኝ ከፈለግህ ፎርሙ መዝገብ ቤት አለ፤ እኔው እሞላልሃለሁ።

ስለ መዝገብ ቤት ካነሣሁ፣ እንዴት እዚያ እንደገባሁም ልናገር። ሁለተኛውን ኮምፒውተር፣ እንደገና በምሳ ዕቃ፣ ሊሠራ ሲነሣ «የምሳ እረፍት ላይ ነይ፤ አሁን ምሳ ዕቃ ከፍተሽ ማየት ያለብሽ አንቺ ነሽ» አለኝ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ኪቦርድ ነክቼ የማላውቅ ሴት ነበርኩ። በአንድ ጣት ጀመርኩ። ሁለት ዓመት፣ በየቀኑ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሄድ፣ የእያንዳንዱን ፋይል ስምና መደርደሪያ አስገባሁ። ስሳሳት ኃይለ ቃል አልወጣውም፤ «አጥፊውና ድገሚው፤ ይኼ እንደ ምድጃ አይደለም፣ መልሶ ይሰጥሻል» ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ የሞከርነው በማማ ዳሃቦ ነው። ከቢዮ አዋሌ ለአምስተኛ ጊዜ የመጡ ባልቴት ናቸው፤ የሟች ባላቸውን የቦታ መዝገብ ፍለጋ። ስማቸውን ጻፍኩ፣ ምሳ ዕቃው መደርደሪያውን ነገረኝ፣ ሙስአብ ወጥቶ አወረደው። የቀዳሁላቸው ሻይ ገና አልበረደም ነበር። ማማ ዳሃቦ ምሳ ዕቃውን አይተው፣ እኔን አይተው፣ «ይኼን ድስት የሠራው ማን ነው? አላህ ዕድሜ ይስጠው» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው እኔ ወደ መዝገብ ቤት የተዛወርኩት። ጋሽ ሰይፈ ደጋግሞ ኃላፊው ቢሮ ገብቶ «ሥራውን የምታውቀው እሷ ነች» ብሎ። ለራሱ አንድ ቃል ጠይቆ አያውቅም።

የጋሽ ሰይፈ ባለቤት እትዬ አስካለማርያም፣ እዚያ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ታዪኛለሽ። ሁለት ምሳ ዕቃ ጠፋብኝ ብሎሽ ነበር አይደል? አልጠፉም። አንዱን እኔ አቃጠልኩት፤ ሁለተኛው ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ ይሠራል። ይኸው በምትካቸው አዲስ። ከትናንት ማታ ጀምሮ የሠራሁት ሩዝና ሳምቡሳ አለበት፤ ሥጋ የለውም፣ ሁላችንም የምንበላው ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ እያየ ክፈቺው፤ ውስጡ ሽቦ የለም።

ልጆቼን አይታችኋቸዋል፤ ከጋሽ ሰይፈ ልጅ ከኑኃሚን ጋር የመጡት ሁለቱ ናቸው። አንዷ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ጋሽ ሰይፈ፣ እነሱ ያደጉት አንተ ያን ቀን ዝም ስላልክ ነው። አመሰግናለሁ የሚለው ቃል ያንሳል፤ ሌላ ግን የለኝም። ያጣኸውን ቦታ ልመልስልህ አልችልም። ስምህን ግን እመልሳለሁ።

እንግዲህ ለስላሳችሁን፣ ሻያችሁን፣ ያላችሁን አንሡ። ሙስአብ፣ አንተም አንሣ፤ አታቀርቅር፣ አታውቅም ነበር። ለጋሽ ሰይፈ ሚካኤል ጤና፣ ረጅም ዕድሜ፣ ከእትዬ አስካለማርያም ጋር ጥላ ያለበት በረንዳ፣ ኪስ ሙሉ ብሎን ይስጥልን።

ኬኩን ማንም እንዳይቆርስ። ማንኪያ አቀብሉኝ። «ቅቅል» የሚለውን ክሬም መጀመሪያ እኔ አነሣዋለሁ፤ እበላዋለሁም። የኔ ነው።