ለሲክሊዶቼ የታሸገ ውሃ

እኔ እንግዳ አክባሪ ሰው ነኝ፤ ይህን መጀመሪያ እወቁልኝ። ሲክሊድ የሚባሉትን ባለቀለም ዓሦች ገዝቼ ቤት ሳስገባ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግረውን የድሬን የቧንቧ ውሃ ላቀርብላቸው አፈርኩ። ገንዳቸውን ከደጋ በመጣ የታሸገ ውሃ ሞላሁት። በሳምንቱ ቀለማቸው ገረጣ፤ ክንፋቸውን አጥፈው ጥግ ያዙ። ዓሣ በማርባት የምትታወቀውን ጎረቤቴን ፋጡማን እየሮጥኩ ጠራኋት።

«አቦ፣ ምን ውሃ ሰጠሃቸው?»

«የታሸገ! ከምጠጣው ላይ!»

«ወላሂ፣ በክብር ልትገድላቸው ነው! የነዚህ ዘር ድንጋያማ ሐይቅ ውስጥ ነው ያደገው። ድንጋይ የሚጋግረውን የኛን የቧንቧ ውሃ ነው የሚፈልጉት። በባልዲ አሳድረህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቀይርላቸው፤ በአንዴ ካደረግከው ይደነግጣሉ።»

እንዳለችኝ አደረግኩ። በአሥረኛው ቀን ሰማያዊው አብረቅርቆ ቢጫውን ገንዳውን ሙሉ ሲያሳድደው አየሁ! በአጥሩ ላይ ጮህኩ፦ «ፋጡማ፣ ድረሺ! ተጣሉ!»

«ተጣሉ? አልሃምዱሊላህ፣ ድነዋል! ጤነኛ ሲክሊድ ሥራው ማሳደድ ነው!»

በደስታ ዘለልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም የታሸገ ውሃ ትቼ የቧንቧውን እጠጣለሁ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ቀለሜን አያለሁ፤ እስካሁን ለውጥ የለም። ሰው ማሳደድ ግን ያምረኝ ጀምሯል።