ያልጠፋው ሞተር

ልጄ ራሷ የሠራችውን የልብ ማዳመጫ ደረቴ ላይ ለጠፈችና መስኮቱን ከፈተችው። የመንገዱ ጩኸት ቤቱን ሞላው። «አባዬ፣ ጫጫታውን ራሱ ለይቶ ያወጣዋል፤ የልብህን ድምፅ ብቻ ያስቀራል» አለችኝ። እውነትም የልቤ ምት ጥርት ብሎ ተሰማ። እሷ ስትስቅ እኔ አንገቴን ደፋሁ።

በዚያ ክፉ ቀን፣ በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ መካነ ሰላም መጠለያ በሽተኛ የማይ ድሬሰር ነበርኩ። ከከላላ በቃሬዛ የመጣች ሴት ደረት ላይ ማዳመጫዬን አሳረፍኩ። አጠገባችን ወደ ሩቅ የሰፈራ ቦታ ሰው የሚጭን መኪና ሞተሩ እየጮኸ ቆሟል፤ ከሱ ሌላ ምንም አልሰማሁም። ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ ብዙ ነው፣ ቸኩያለሁ። ለባሏ «አልፋለች። እኛ እንቀብራታለን፤ አንተ ልጆችህን ይዘህ መኪናው ላይ ውጣ» አልኩት። ፊቷን በጋቢው ሸፈነና «ኢና ሊላሂ» ብሎ ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ተሳፈረ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሊያጥቧት የገቡት ሴቶች ጮኹ። «ኧረ ዶክተር፣ ውሃው ሲነካት ተንቀጠቀጠች!» ሮጬ ሄጄ አዳመጥኳት። አሁን ጸጥ ብሏል፤ ልቧ ቀስ እያለ ይመታል። በሦስተኛው ቀን አፏን ስትፈታ መጀመሪያ ያለችው «ልጆቼስ?» ነው። ከዚያ ወዲያ መኪና በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ወጥታ ትቆም ነበር። አንድም ቀን ማንም አልወረደላትም።

ይህን ስነግራት ልጄ መሣሪያዋን እያየች «ያኔ ይህ ቢኖርህ ኖሮ!» አለች።

«አይ ልጄ» አልኳት፣ «ሹፌሩን ሞተሩን አጥፋው ብዬው ቢሆን ይበቃ ነበር።»